የፀጉር ንቅለ ተከላ፦ በሬ ከመሸጣችን በፊት ማወቅ ያለብን

ወረታ ወደሚገኘው መድኃኒት ቤታችን ባለፈው ክረምት አንዲት እህት መጣች። ሰው እስኪወጣ ድረስ ጥግ ይዛ ቆየች። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሳስገባት ሒጃቧን ገለጥ አደረገች። ከግንባሯ እስከ ጆሮዎቿ ድረስ ፀጉሩ ሸሽቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባ አጥብቃ ትሠራ ነበር። ዐረብ አገር የሚሠራው ወንድሟ «ኢስታንቡል ወስጄ ፀጉር አስተክልሻለሁ» ብሏታል። ገንዘቡ ስለማይሞላ ቤተሰቡ የእርሻ በሬ ለመሸጥ እየተማከረ ነው። የእርሷ ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ «እውነት ይበቅላል?»

መልሱ፣ «ይበቅላል፤ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ቶሎም አይደለም» የሚል ነው። ይህንኑ በዝርዝር እንመልከት።

ንቅለ ተከላ ምንድን ነው?

ለፎገራ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ችግኙን ከመደቡ ነቅሎ ወደ ማሳው ያዛውራል። የፀጉር ንቅለ ተከላም እንዲሁ ነው። አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ካለበት ቦታ ወደሌለበት ያዛውራል። እዚህ ላይ መደቡ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው የኋላ ፀጉር ነው። ወንዶች በዘር ራሰ በራ ሲሆኑ እንኳ ይህ ፀጉር ብዙውን ጊዜ አይረግፍም። ጃፓናዊው ሐኪም ኦኩዳ ፀጉር ያለበትን ቆዳ ስለማዛወር እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ዶክተር ኖርማን ኦረንትራይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ራሰ በራ ለሆነ ሰው ሠራ። የተዛወረው ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚቀጥልም አስረዳ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ መደቡ ውሱን ነው፤ የተነቀለው በቦታው ተመልሶ አይተካም። ሁለተኛ፣ ፀጉሩ ከራስ መወሰድ አለበት፤ የሌላ ሰው ቢተከል ሰውነት አይቀበለውም።

ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ከያዘን በኋላ፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ፀጉር በብዛት ሊረግፍ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የልጆች ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ለሳምንታት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ግሪሲዮፉልቪን ከታዘዘ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጥ። ክብ ክብ እየሆነ የሚመልጠው ላሽ ደግሞ ገና እየተስፋፋ እያለ ቢተከልበት አዲሱም ሊረግፍ ይችላል።

የደም ማነስም ፀጉር ያሳሳል። ነጭ ሩዝ ብቻውን በቂ ብረት አይሰጥም። ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋና ጉበት፣ እንዲሁም የሩዙን እንጀራ ከጤፍ ጋር መቀላቀል ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግቡ ራቅ አድርገን እንጠጣቸው።

ንቅለ ተከላው የሚስማማው በዘር ራሰ በራ ለሆነና የኋላ ፀጉሩ ጥሩ ለሆነ ሰው ነው። ሹሩባ የጎተተው ፀጉርም ጠባሳ ከሆነ በኋላ ሊተከል ይችላል፤ ማጥበቁ ካልቀረ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

በዕለቱ ምን ይሆናል?

ሕክምናው በማደንዘዣ መርፌ ይሠራል፤ ታካሚው አይተኛም፣ ያወራል። ሥራው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከኋላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ወስዶ መስፋት ነው፤ የመስመር ጠባሳ ይተዋል። ሌላው ፀጉሩን ከነሥሩ አንድ በአንድ ማውጣት ነው፤ ነጠብጣብ የመሰሉ ጥቃቅን ጠባሳዎችን ይተዋል። በእያንዳንዷ ሥር ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ይኖራል። በአንድ ቀን ከሺህ በላይ ሊተከል ይችላል።

የእኛ ጥቅልል ፀጉር ሥሩም ከቆዳ በታች ይጠመዘዛል። ስለዚህ ልምድ የሌለው እጅ ሥሩን ቆርጦ ያበላሸዋል። ቁስል ሲድን ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ካለም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያለበት ሰውም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ

ግንባርና ዐይን አካባቢ ለጥቂት ቀናት ሊያብጥ ይችላል። ቅርፊቱ በሰባትና በዐሥር ቀን ውስጥ ይራገፋል። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የተተከለው ፀጉር ይረግፋል። ብዙዎች «ተበላሁ» ብለው የሚደነግጡት ያኔ ነው። ነገር ግን የተዛወረ ችግኝ መጀመሪያ እንደሚጠወልግ ነው፤ ሥሩ ከቆዳው ውስጥ አለ። በሦስትና በአራት ወር ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። ትኩሳት፣ መግል ወይም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ከታየ ግን በቶሎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ሸክም፣ ፀሐይና አቧራ አይፈቀድም። አራሽ ወንድሞቻችን ለሩዝ አረምና ለአጨዳ የሚደርስ ቀጠሮ አይያዙ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ሆነ ቅቤ አትቀቡ።

ሶላት፣ ውዱእና ሒጃብ

የተተከለው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መነካት የለበትም። ለሱጁድ መደፋትም እብጠትና መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሸሪዓችን ለታመመና ለቆሰለ ሰው በውዱእም በሶላትም ማቅለያ አለው። አፈጻጸሙን ከጉዞ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። የሚዋጡ መድኃኒቶች ስላሉ ከረመዳን ውጭ ቢደረግ ይሻላል። ዑምራ ያሰበ ወንድም የተተከለውን ቦታ ለወራት በምላጭ መላጨት ስለማይመከር፣ ማሳጠርም የተፈቀደ መሆኑን ያስታውስ። እህቶችም ሴት ባለሙያ መኖሯን፣ ሒጃብ መቼና እንዴት እንደሚለበስ አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ፍርዱ፣ ፀጉር የምትቀጥልና የምታስቀጥል ሴት መረገሟ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በእነዚሁ ኪታቦች መልአኩ ዳስሶት ፀጉር የተሰጠው የበኒ ኢስራኢሉ ራሰ በራ ታሪክም አለ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው 18ኛ ጉባኤ፣ ፀጉር ሲረግፍ፣ በተለይም ለሴት፣ መተከሉን ከተፈቀዱት ሕክምናዎች ቆጥሮታል። የተፈቀደ ነው ማለት ግን ቤተሰብን ለዕዳ መዳረግ ይገባል ማለት አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይያችሁ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ወደ ቱርክም ሆነ ወደ ሌላ አገር ከሄዳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ቆዳውን የሚቆርጠው ሐኪም ነው ወይስ ሌላ ሠራተኛ? እንደ እኛ ባለ ጥቅልል ፀጉር ላይ ሠርቶ ያውቃል? አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያየኛል? የዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበርም ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች ስለሚሠሩ ቤቶች ያስጠነቅቃል።

ያልተተከለው ነባር ፀጉር መርገፉን ሊቀጥል ስለሚችል መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ሚኖክሲዲል የሚሠራው እስከተቀባ ድረስ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይመከርም። ፊናስተራይድ በፍጹም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የተሰባበረውን ክኒንም በእጇ አትንካ።

ያቺ እህት ታጠባ ስለነበር መድኃኒት አልሰጠኋትም። ሹሩባውን እንድትተው መክሬ ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ከስምንት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በጆሮዎቿ አካባቢ ለስላሳ ፀጉር በቅሏል። የግንባሯ ግን አልተመለሰም፤ ጠባሳ ሆኗል፤ ለእርሱ ሐኪሙ ንቅለ ተከላን እንደ አማራጭ ነግሯታል። «አሁን የሚተከለው ቦታ ትንሽ ነው፤ ወንድሜ ሲመቸው ይሆናል። በሬው ግን አልተሸጠም፤ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ከጎኗ የቆመችው ትንሽ ልጇ ፀጉር ላላ ብሎ ተይዟል።

እናቶች ሆይ፣ የልጆቻችንን ፀጉር አናጥብቅ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።