ኑዛዜ የሚያጽፉና ውርስ የሚያጣሩ ሰዎች ሙያ

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ በክርስቲያኑ ዘንድ፥ የሟችን ቃል የሚቀበለው የነፍስ አባት ነበረ፤ ሽማግሌዎችም ይመሰክሩ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሥርዓቱን አጠበቀው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፥ መነበቡም በጽሑፉ ካልተገለጸ አይጸናም፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ይበቃሉ። ስለዚህ ጠበቃና ውል አዋዋይ ወደ ሥራው ገቡ፤ ሕጉ የውርስ አጣሪንና የባላደራንም ተግባር ወስኗል።

እንግዲህ ቄሱ የሟቹን ፈቃድ፥ ሽማግሌው የዘሩን ቆጠራ፥ የሕግ ዐዋቂው ሥርዓቱን ያውቃሉ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ግን ቤትና ቦታ የሚያስከትሉት ክርክር ቀላል አይደለም። በእኛ አስተያየት፥ ከሦስቱ ዕውቀት አንዱ ቢጎድል የሚጎዳው ወራሹ ነው።