ማንታ፦ አንድ ብቻ የሚወልደው ዓሣ

በጣና ሐይቅ የሚጠመደው አምባዛ በአንድ የመራቢያ ወቅት በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሌሎች እንስሳት ምግብ ይሆናሉ፤ ሆኖም የተረፉት ጥቂቶች ዘሩን ለመተካት ይበቃሉ። በሞቃታማ ባሕሮችና ውቅያኖሶች የሚኖረው ማንታ ግን፣ እርሱም ዓሣ ይሁን እንጂ፣ የመራባት ሥርዓቱ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ጥቂት ማጥመድ እንኳ ለከፋ ጉዳት የሚያጋልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማንታ አካሉ ጠፍጣፋ፣ አጽሙም እንደ ሻርክ አጽም ልም አጥንት የሆነ ዓሣ ነው። ስሙ በስፓኝ ቋንቋ «ብርድ ልብስ» ማለት ሲሆን፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን ሰፋፊ ክንፎቹን ያየ ሰው ስሙ እንደሚስማማው አይጠራጠርም። በውቅያኖስ የሚኖረው ትልቁ ዝርያ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በኮራል አለቶች አካባቢ የሚኖረው ከዚህ ያነሰ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች የተለዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚኖረው ሦስተኛው ደግሞ ስም ያገኘው በ2025 ነው። በራሱ ግራና ቀኝ ቀንድ የሚመስሉ ሁለት ሥጋማ ቅጥያዎች ስላሉት ቀድሞ መርከበኞች «የሰይጣን ዓሣ» ይሉት ነበር። ይህ ስም ግን አላግባብ የተሰጠው ነው፤ በጅራቱ መርዛማ እሾህ የለውም፣ ሰውንም አያጠቃም። ቀንድ የተባሉትም ውሃውን ወደ አፉ የሚመሩ ናቸው።

የሚመገበው ፕላንክተን የተባሉትን፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ፍጥረታት ነው። አፉን ከፍቶ እየዋኘ ውሃውን ያስገባል፤ ውሃው በስንጥቦቹ በኩል ሲወጣ ምግቡ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የቤት ወንፊት ብዙ ጊዜ ሲነፋበት ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጠልል የሚውለው የማንታ ወንፊት ለምን አይደፈንም? በ2018 የታተመ ጥናት መልሱን አግኝቷል። ውሃው በወንፊቱ ጥርሶች መካከል ሲሽከረከር የምግቡ ቅንጣቶች ከጥርሶቹ ጋር እየተላተሙ ወደ ጉሮሮ ይነጥራሉ እንጂ ቀዳዳው ላይ አያርፉም። ከቀዳዳው ያነሱ ቅንጣቶች እንኳ አያመልጡም። ማንታን ለአደጋ ያጋለጠው ይኸው ድንቅ አካሉ መሆኑ ያሳዝናል።

የማንታ ሴቴ እንቁላሏን ወደ ውሃ አትጥልም። እንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሽሉም ከማሕፀኗ የሚመነጨውን ወተት መሰል ፈሳሽ እየተመገበ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ሲወለድ ክንፎቹ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ነው፤ ወዲያው ዘርግቷቸው ይዋኛል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ራሱን ችሎ ይኖራል። በአንድ ጊዜ የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። እናቲቱ ዳግመኛ እስክትወልድ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ለመውለድ የምትደርሰውም በ10 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ዘግይታ ነው። እስቲ እናስላ፤ አንዲት ማንታ 40 ዓመት ብትኖርና በየ4 ዓመቱ ብትወልድ፣ በዕድሜዋ የምታፈራቸው ልጆች ከ8 አይበልጡም።

በኢንዶኔዥያ፣ በሶሎር ደሴት የሚገኙት የላማኬራ መንደር ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ማንታን በጀልባ እየተከታተሉ፣ በጦር መሰል መውጊያ እየወጉ ለምግብ ያውሉት ነበር። በኋላ ግን የደረቀው የስንጥብ ወንፊት በደቡብ ቻይና፣ በተለይም በጓንግዡ ከተማ፣ በሽታን ያጠራል እየተባለ በውድ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ፈዋሽነቱ በሕክምና ምርምር አልተረጋገጠም። ቢሆንም ገበያው ጠራ፤ የሞተር ጀልባም መጣ፤ የሚገደለውም ቁጥር ከመንደሩ የምግብ ፍላጎት እጅግ በለጠ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም መንግሥታት የማንታ ንግድ በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ ወሰኑ፤ በ2014 ኢንዶኔዥያ በግዛት ውሃዋ ሁሉ ማንታን ማጥመድ ከለከለች። ለላማኬራ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ይህ ሕግ ቀላል ሸክም አልነበረም፤ ክልከላ ሌላ መተዳደሪያ ካላስከተለ በጨለማ የሚጣሰው ለዚህ ነው።

በማልዲቭስ ደሴቶች ነገሩ የተሻለ መልክ አለው። ሃኒፋሩ የተባለችው ትንሽ የባሕር ሰላጤ በ2009 የተጠበቀ ስፍራ ሆናለች። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነፋስና ማዕበል ፕላንክተኑን ወደ ሰላጤዋ ሲያጉሩት፣ አንዳንድ ቀን ከመቶ የሚበልጡ ማንታዎች ተሰብስበው እየተሽከረከሩ ይመገባሉ። ጎብኚዎች በውሃው ገጽ ላይ ሆነው ይመለከቷቸዋል፤ የአየር ጋን ይዞ መጥለቅ ግን ክልክል ነው። በእያንዳንዱ ማንታ ሆድ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ስለሚለያይ፣ ተመራማሪዎች በፎቶግራፍ ብቻ ከ4,000 የሚበልጡትን አንድ በአንድ ለይተው መዝግበዋል።

ክልከላ ብቻውን ያላስቀረው አንድ ሞት ግን አለ። ለቱና ተብሎ በተዘረጋ መረብ ውስጥ ማንታም ይገባል። ማንታ የሚተነፍሰው ወደ ፊት ሲዋኝ በስንጥቦቹ በሚያልፈው ውሃ በመሆኑ፣ መረቡ ይዞ ሲያቆመው አየር አጥቶ ይሞታል፤ አጥማጁም መረቡን ሲስብ ያልፈለገውን ሬሳ ያገኛል።