ስለ ደመወዝ ጸሐፊ ጠባይ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፥ በአብርሃ ጅራ ከተማ ዙሪያ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፥ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ በቆላው የሚኖረው፥ በአገሩ አጠራር ሳሉግ የሚባለው ልምድ ያለው ሠራተኛም አብሮ ይሰለፋል። ሰሊጥ እንደ ሌላው እህል አይታገሥም፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ቢዘገዩበት ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ ይከፈትና ፍሬው በመሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ባለ እርሻውም ሠራተኛውም ይቸኩላሉ። ሁለቱ በቸኮሉበት ስፍራ ግን የማይቸኩል አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም የያንዳንዱን የሥራ ቀን ቆጥሮ፥ የወሰደውን ብድር ቀንሶ፥ የቀረውን ገንዘብ በእጁ የሚያስቆጥረው የደመወዝ ጸሐፊ ነው።

ለዚህ ሥራ ሰው በሚመረጥበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ጽሕፈቱ ማማሩ፥ መደመርና መቀነስ ማወቁ፥ ይልቁንም የማን ዘመድ መሆኑ ነው። ጠባዩ እምብዛም አይመረመርም። የሰው ጠባይ ልዩ ልዩ መሆኑ ግን ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሰው ሥጋ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት መፈጠሩን ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በውጭ አገርም አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ሰው ሥራ ከመያዙ በፊት ራሱንና ሥራውን መርምሮ ያስማማ ዘንድ የሚመክር መጽሐፍ ጽፎ፥ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1909 በፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ። ከ50 ዓመት በኋላ፥ በ1959፥ ጆን ሆላንድ የተባለው ሊቅ የሰውን ዝንባሌ በስድስት ከፍሎ አስረዳ፤ ከስድስቱም አንዱ ሥርዓትን፥ መዝገብንና ቍጥርን የሚወድ ነው። የደመወዝ ሥራ ለዚህ ሰው ተገቢ መሆኑ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል።

እውነት ነው፤ ነገር ግን እኩሌታው ነው።

የአብርሃ ጅራ መዝገብ ቍጥር ብቻ አይደለምና። በአንድ እርሻ ላይ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢገኙ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ የአያት ስም ያልጻፈ ጸሐፊ የአንዱን ላብ ለሌላው ይሰጣል። መፈረም የማይችለው በአውራ ጣቱ ያትማል፤ ያተመበትንም አንብቦ ሊያውቅ አይችልም። ከአረም ወራት ጀምሮ የቆየ ሠራተኛ ሲሆን ጳጉሜን በመካከል ትገባለች፤ በወር ደመወዝ ለሚኖረው ለብቻዋ የማይታሰብባት ጳጉሜን፥ በቀን ለተቀጠረው ግን እያንዳንዷ ቀን ዋጋዋ ነው። ይህ ሁሉ ሳለ አንድ ሠራተኛ ቀርቦ «ሦስት ቀን ጎድሎብኛል» ቢል፥ ሥርዓት ወዳዱ ጸሐፊ መዝገቡን ከሰውዬው አስበልጦ የሚወድ ከሆነ፥ ወረቀቱን ወደ ደረቱ ይስባል። ለሥራው የተገባው ሰው ግን መዝገቡን ወደ ሠራተኛው አዙሮ ቀኖቹን አንድ በአንድ ያነብለታል። በአዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የደመወዙን ልክ፥ የአሰላሉን መንገድ፥ የተቀነሰውንና የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ፥ ሠራተኛው የሚፈርምበት መዝገብ እንዲይዝና ሲጠየቅ እንዲያስረዳ ታዟል። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ገንዘብ ከወር ደመወዙ ከሲሶው እንዳይበልጥ ተወስኗል። እንግዲህ መዝገቡን ማሳየት የጸሐፊው ቸርነት ሳይሆን ግዴታው ነው።

በዚህ አንጻር ርኅሩኅ የሆነው ሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም። ልቡ የሳሳ ጸሐፊ ሳይጽፍ ብድር ይሰጣል፥ ለሚያለቅሰውም ቀን ይጨምራል፤ ጉዳቱም አፍሮ ዝም ባለው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ከኋለኞቹ ጀምሮ ደመወዝ እንዲከፍል የታዘዘው መጋቢ ነው፤ ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ግን መልስ የሰጠው የወይኑ ጌታ ነው፥ መጋቢውም አንድ ቃል እንኳ መናገሩ አልተጻፈም። ይህ ለደመወዝ ጸሐፊ የሚጠቅም ነገር አለው። የቀን ዋጋው ስንት ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ባለ እርሻው ነው፤ ስንት ቀን ተሠራ የሚለውን ግን ጸሐፊው ነው። የማይመለከተውን ጥያቄ ለመመለስ የሚቸኩል ሰው በክፍያ ቀን ጠብ ያነሣል፤ የሚመለከተውን የሚሸሽም እንዲሁ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፥ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑ ይታወቃል፤ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ግን 600 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. 2,000 ብር ሆኗል። የለመደውን ሠንጠረዥ መተው የሚከብደው ሰው፥ ትጉህ ቢሆንም፥ ያለ ክፋት ብዙ ሰው ይበድላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ቢቻልም፥ አንድ አኃዝ ተሳስቶ የጻፈ እጅ ደመወዙን ለማይታወቅ ሰው ይልካል።

ጠባይ ምንም ያህል ቢያምር ግን ያለ ተቆጣጣሪ አይተውም። ከሐዋርያት መካከል ኮሮጆውን የያዘው ይሁዳ ነበር። ስለዚህ ቀኑን የሚቆጥረው፥ ሒሳቡን የሚሠራውና ገንዘቡን የሚያድለው ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ሊሆኑ ይገባል፤ ሦስቱንም ለአንድ ካቦ የሚያስይዝ ባለ እርሻ ሰውዬውንም ራሱንም ለፈተና ይሰጣል።

ጸሐፊ ለመቅጠር የሚያስብ ሹም አንድ ስሕተት ያለበትን አሮጌ መዝገብ ለተወዳዳሪው ቢሰጠውና አንድ ሰው በቍጣ እንዲከራከረው ቢያደርግ፥ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ብዙ ያያል። ስሕተቱን ማግኘቱ አንድ ነገር ነው፤ እየተሰደበ ደግሞ መቍጠሩ ሌላ ነው። አጨዳው አልቆ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ሲቆም፥ ሦስት ቀን የጎደለበት ሠራተኛ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ መኪናው ይሄዳል፥ የሚቀጥለውም አጨዳ ከዓመት በኋላ ነው።