ጀሶ፣ ሬዚንና ቀለም፦ የድንቅነሽ ቅጂ እንዴት ይሠራል?

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ፣ አምስት ኪሎ ላይ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በሙዚየሙ ምድር ቤት ድንቅነሽ ሁለት ሆና ትታያለች፤ አንዷ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተዘርግታ፣ ሌላዋ የጎደላት ተሞልቶላት በሁለት እግሯ ቆማ። ተማሪም ሆነ ቱሪስት ቀድሞ የሚጠይቀው «እውነተኛዋ ናት?» ብሎ ነው። አይደለችም። እውነተኛው አጥንት በዚያው ግቢ፣ በቤተ ሙከራው ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ይህን የሰማ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ የተታለለም የሚመስለው አለ። እኔ ግን ቅጂዋ ራሷ ልትጎበኝ የሚገባት የእጅ ሥራ ናት ብዬ አምናለሁ። አሠራሩን ያየ ሰው «ቅጂ ናት» ብሎ አያልፋትም።

መጀመሪያ ስለ ዋናው አጽም ጥቂት ልበል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ በተረሸኑ ማግስት፣ አዲስ አበባ በድንጋጤ ተውጣ ሳለ፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ መሬት ላይ የወደቀ የክንድ አጥንት ስባሪ አዩ። በተከታታይ ለቀማ በመቶዎች የሚቆጠር ስባሪ ተሰበሰበ፤ ሲገጣጠም የአንዲት ፍጡር አጽም 40 በመቶ ያህል ሆነ። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ። ይህ ሁሉ ዘመን አጥንቱን በማዕድን ሞልቶ ድንጋይ አድርጎታል። ድንጋይ ቢሆንም ይሰበራል፤ ስስ የጎድን አጥንት ከእጅ ካመለጠ አለቀለት። ተመራማሪ ሁሉ በብረት መለኪያ በነካካው ቁጥርም ጠርዙ እየተፋቀ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቅሪተ አካል ከተገኘ፣ ከጸዳና መዝገብ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ቶሎ ከሚሠሩለት ነገሮች አንዱ ቅጂ ነው።

ሥራው የሚጀመረው አጥንቱን በማጠንከር ነው። በአሴቶን የሟሟ ማጠንከሪያ ይቀባል፤ ፈሳሹ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ የላላውን ቦታ ይይዘዋል። ከዚያ አጥንቱ እስከ ግማሹ ለስላሳ ፕላስቲሲን ውስጥ ይቀበራል። የባለሙያው ዕውቀት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲሲኑ አጥንቱን የሚነካበት መስመር በኋላ የቅጂው ስፌት ይሆናልና፣ መስመሩ በየት ማለፍ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የመገጣጠሚያውን ለስላሳ ገጽ ወይም ጡንቻ ታስሮበት የነበረውን ሻካራ ቦታ ስፌት ካቋረጠው፣ ቅጂው ለጥናት የሚፈለግበትን ነገር አጣ ማለት ነው። በፕላስቲሲኑ ዙሪያ ደግሞ ትንንሽ ጉድጓዶች ይወጉበታል፤ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች መልሰው ሲገጠሙ እንዳይንሸራተቱ።

ቀጥሎ እንደ እርጎ የወፈረ ሲሊኮን ይመጣል። የመጀመሪያው ንብር በቡሩሽ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ በአንዴ ከተገለበጠበት በየጥርሱ መሃል አየር ይታፈናል። በላዩ ሌላ ንብር፣ ከዚያም ሌላ። ሲሊኮኑ ሲረጋ ለስላሳ ጎማ ስለሚሆን ብቻውን ቅርጹን አይጠብቅም፤ ከውጭ ጀሶ ይለበስና ደረቅ ቅርፊት ይሠራለታል። ያው ቤት ሠሪዎች ለጣሪያና ለግድግዳ የሚጠቀሙበት ጀሶ ነው። ይህ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፣ ፕላስቲሲኑ ይነሣል፣ ሁለቱ ግማሾች እንዳይጣበቁ መለያ ቅባት ይቀባል፣ ሌላው ጎንም እንደዚያው ይሠራል። አጥንቱን ከሞልዱ የማላቀቁ ደቂቃ ከሁሉ ያስጨንቃል፤ ችኩል እጅ 3 ሚሊዮን ዓመት የቆየውን ጠርዝ ይዞት ይወጣል። ጥሩ ሲሊኮን ከፀጉር የቀጠነ ጭረት ሳይቀር ስለሚቀዳ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ባዶው ሞልድ ውስጥ የሚፈሰው ሬዚን ነው። ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው እየሞቁ ይጠነክራሉ፤ ሞልዱን በእጅ እያገላበጡ ሬዚኑ ሁሉም ጥግ እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥርስ ጫፍ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ቁራጩ ይጣላል፤ እንደገና ነው። ከሞልድ የወጣው ስፌቱ በስለት ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል። ቅጂው በዚህ ደረጃ ወጥ የነጣ ቀለም ያለው ነገር ነው፤ ቅርጹ ሙሉ ቢሆንም ዓይን አያምነውም።

ዓይንን የሚያሳምነው ቀለሙ ነው። በቅድሚያ መደብ ቀለም ይቀባል። ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በላዩ ይለቀቅና ወዲያው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከፍ ያለው ገጽ ሲጸዳ በስንጥቁና በጉድጓዱ የተኛው ይቀራል። ቀጥሎ ከቡሩሹ ላይ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል ጠርዞቹን ብቻ በደረቁ ማስነካት፣ ማዕድን ያጠቆረውን ቦታ በነጠብጣብ ማሳየት፣ በመጨረሻም እንዳያብረቀርቅ ደብዛዛ ቫርኒሽ። ይህ ሁሉ ዋናውን አጥንት ጎን ለጎን አድርጎ፣ በቀን ብርሃን እያስተያዩ ነው።

ይኸው ዘዴ ለሌላ ዓለም፣ ለጨዋታ ዓለምም ይሠራል። «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት ለመጫወት የሚያስችል የደንብ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ዘር የወጣው «ዋርሃመር 40,000» የተባለው ጨዋታ በ1987 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ተጀመረ፤ ታሪኩ ከዛሬ ብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ በጠፈር ላይ የሚካሄድ ጦርነት ነው። አፍቃሪዎቹ ትልልቆቹን የጦር ማሽኖች፣ ግማሽ ሜትር ያህል የሚረዝሙትን ጭምር፣ በሬዚን ቁርጥራጭ ይገዛሉ፤ የተጣመመውን በሙቅ ውሃ ያቃናሉ፣ ይገጣጥማሉ፣ ከዚያ ለወራት ይቀባሉ። መደብ ቀለሙ፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚተኛው ቀጭን ቀለም፣ ደረቁ ቡሩሽ፣ ሁሉም አንድ ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ የጨዋታው ቀቢ ኖሮ የማያውቅ ማሽን ላይ ዝገት ፈጥሮ ይቀባል፣ ፈጠራው ይደነቅለታል። የአጥንቱ ቀቢ ግን ከራሱ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ መጨመር አይፈቀድለትም። የጎደለው ሲሞላም የተሞላው በቀለም ተለይቶ እንዲታወቅ ይደረጋል። ድንቅነሽ ከራስ ቅሏ ጥቂት ስባሪዎችና የታችኛው መንጋጋዋ ብቻ ናቸው የተገኙላት፤ ቆማ የምናያት ፊት ያላት በግምት ስለተሞላላት ነው። ግምቱን ከግኝቱ መለየት የጎብኚው መብት ነው።

ቅጂ ለእይታ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ይሠራበታል። የድንቅነሽ የዳሌ አጥንት ሲገኝ ስባሪዎቹ ያለ ቦታቸው ተጣብቀው፣ ቅርጹ ተዛብቶ ነበር። እንዳለ ቢተው እንዴት ትራመድ እንደነበር የሚናገረው ማስረጃ ይጠፋል። ዋናውን ደግሞ ማንም በመጋዝ አይነካም። ኦወን ላቭጆይ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጀሶ ቅጂ ወስዶ፣ ቅጂውን በየስብራቱ መስመር ቆራርጦ፣ ቁራጮቹን በትክክለኛ ቦታቸው መልሶ ገጠማቸው። የወጣው ዳሌ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፍጡር ዳሌ ነበር።

«ፔኪንግ ማን» በመባል የሚታወቁት የቻይና ቅሪተ አካላት ደግሞ በ1941 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትርምስ ወደ አሜሪካ ሊላኩ ሲሉ ጠፉ፤ እስካሁን አልተገኙም። ዓለም ዛሬ የሚያጠናቸው ቀደም ብለው በጥንቃቄ ከተሠሩ ቅጂዎች ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ቅጂ ብቻ» የሚለው አባባል ያሳምመኛል።

ቅጂ ሁሉን ይናገራል ማለቴ አይደለም። የአጥንቱን ውስጥ፣ የጥርሱን ንብርብር፣ ክብደቱን አይነግረንም። ለዚህ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። ዋናዋ ድንቅነሽ ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስትዞር፣ በ2008 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀናት በሲቲ ስካን ተነሣች፤ ከ35,000 በላይ ምስል ተገኘ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም የሚለው ጥናት ሲታተም፣ በኢትዮጵያ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ የኮምፒውተር ፋይል ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ሰው ሁሉ ሊያትመው ይችላል። ዋናዋ አሜሪካ በቆየችባቸው ዓመታት አምስት ኪሎ የሄደ ተማሪ ግን ምንም አልጎደለበትም፤ ቅጂዋ ቦታዋ ላይ ነበረች። በ2025 እ.ኤ.አ. ዋናዋ «ሰላም» ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ፕራግ በሄደች ጊዜም እንደዚያው።

ከፕሪንተር የወጣ አጥንትም ቢሆን ያለ እጅ አይጠናቀቅም። የንብርብሩ መስመር ይታያል፤ መታሸት፣ መቀባት አለበት። እዚያው አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አሉ፤ በሙዚየሙም ቅጂ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አሉ። ሁለቱ ቢገናኙ የባዮሎጂ መምህር በሥዕል ብቻ የሚያስተምረውን ጉልበት ተማሪው በእጁ ይዞ እንዲማረው ማድረግ አያቅትም። ሙዚየሙም በመስታወቱ ሥር ካለው መግለጫ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ይህን ቅጂ ማን ሠራው፣ ማን ቀባው። አንባቢም በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ጎንበስ ብለው ስፌቱን ይፈልጉ፣ የተሞላውን ከተገኘው በቀለሙ ይለዩ፤ ልጆች ይዘው ከሄዱ ደግሞ «እውነተኛዋ ናት?» ሲሉዎት ያወቁትን ይንገሯቸው።