አሮጌ ቤዝ ጊታር፦ ከማደስ በፊት ማስተካከል

ሃምሳ ወይም ስድሳ ዓመት ያገለገለ ቤዝ ጊታር እጁ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው እንደ አዲስ ለማድረግ ነው። ቀለሙን ፍቆ መቀባት፣ የዛገውን ብሎን መቀየር፣ የውስጥ ሽቦውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ያምረዋል። ይህ ምዕራፍ የሚመክረው ተቃራኒውን ነው። በአሮጌ ቤዝ ላይ «አረጀ፣ አበቃለት» ከሚያሰኙት ችግሮች አብዛኞቹ ከማስተካከያ ጉድለት የሚመጡ ናቸው። በካቻቢቴ፣ በቀጥ ያለ ማስመሪያና በትዕግሥት ይፈታሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ይመርምሩ፤ ቀጥለው ያስተካክሉ፤ የግድ የሚሆነውን ብቻ ይጠግኑ፤ የቀረውን ይተዉት።

በምሳሌነት የምንይዘው ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ነው። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ድረስ የባንድ ቤዝ ተጫዋች ቁመቱን የሚያህል ኮንትራባስ ተሸክሞ ይዞር ነበር፤ ድምፁም በከበሮና በትራምፔት ይዋጥ ነበር። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ 20 ፍሬት ያለው፣ የክሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአምፕሊፋየር የሚጮህ ነው። በ1957 የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒካፕ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጭኖች ሆነ፤ ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ ስለተያያዙ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን እምምታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። ከዚያ በኋላ የመጡ ቤዞች አብዛኞቹ ይህንኑ አሠራር ስለተከተሉ፣ የእርስዎ ቤዝ የሌላ ፋብሪካ ቢሆንም ከዚህ በታች ያለው ይጠቅምዎታል።

ከመፍታትዎ በፊት መሣሪያው ራሱ የሚናገረውን ይስሙ። የአሮጌ ፌንደር ዕድሜ በሦስት ቦታ ይፈለጋል፦ በአንገቱ ግርጌ በተጻፈው ወይም በታተመው ቀን፣ አንገቱን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ብረት ላይ ባለው ተከታታይ ቁጥር፣ እና በድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ላይ ባለው ኮድ። በኮዱ መጀመሪያ ያሉት ሦስት አኃዞች የአምራቹ ናቸው፤ 137 ሲቲኤስ፣ 304 ስታክፖል ነው። የሚቀጥሉት ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራሉ። በ304 ጀምሮ 66 እና 21 የሚከተሉት ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው በ1966 በ21ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የመቆጣጠሪያውን ልደት እንጂ የቤዙን አይነግርዎትም። ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ መቆጣጠሪያ ገዝቶ ስላከማቸ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩ መሣሪያዎችም የ1966 ኮድ ይዘው ይገኛሉ። ሦስቱ ምልክቶች ሲስማሙ ነው መተማመን የሚቻለው።

ስለ ቀለም አጥብቄ የምለው አለኝ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ቤዞች በአብዛኛው የተቀቡት ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ስስ ላከር ነው። ይሰነጠቃል፣ ይበልዛል፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እስከ እንጨቱ ድረስ ይላጣል። ይህን ሲያዩ የብርጭቆ ወረቀት አያንሡ። አንዴ የተፋቀ የፋብሪካ ቀለም አይመለስም፤ በገበያም ቀለሙ የተቀየረ አሮጌ ፌንደር ዋጋው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ገንዘቡን እንኳ ብንተወው፣ ያ መላጥ መሣሪያው በማን ክንድ ሥር እንደኖረ የሚያስታውስ ምልክት ነው። ለማጽዳት በትንሹ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የላይተር ቤንዚን ግትር ቅባትን ያነሣል (ከእሳት ይራቅ፣ መስኮትም ይከፈት)፤ አልኮል ግን ላከሩን ያሟሟዋል። ጎማ ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ማቆሚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ቢያቆሙትም ጎማው ከላከሩ ጋር ተጣብቆ ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ አንገቱ እንምጣ። መደበኛ ውፍረት ያላቸው አራት ክሮች በቅኝት ላይ ሲሆኑ በጠቅላላው ከ70 ኪሎ በላይ በሚሆን ኃይል አንገቱን ይስባሉ። ይህን የሚቋቋመው በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረው ትረስ ሮድ የሚባል ዘንግ ነው። አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። ክር ሲመታ በመካከሉ ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚርገበገብ፣ አንገቱ ወደ ፊት ጥቂት ጎበጥ ካላለ ከፍሬቶቹ ጋር እየተላተመ ዝዝ ይላል። ልኩን ለማወቅ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተጭነው ይያዙት፤ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆንልዎታል። ከዚያ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት መካኒኮች በሚጠቀሙበት ፊለር ጌጅ ይለኩ። ለአሮጌ ፌንደር 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተስማሚ ነው።

ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ ከጠፋ ወደ ግራ ይላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ። በዚያ ዘመን ፌንደሮች ላይ ግን አንድ አድካሚ ነገር አለ፦ የዘንጉ ጫፍ በአንገቱ ግርጌ ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ክሮቹን አላልቶ አራቱን ብሎኖች በመፍታት አንገቱን ማንሣት ያስፈልጋል። አንገቱ ሥር ስስ ካርቶን ወይም የእንጨት ቁራጭ ካገኙ አይጣሉት፤ የአንገቱን ዘንበልታ ለማስተካከል ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ብሎኖቹን ሲመልሱ መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዙሯቸው፤ ወደ ቀድሞው ጥርስ ጠብ ሲሉ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ያጥብቁ። ያለዚያ ብሎኑ አዲስ ጥርስ እየቀደደ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቀዳዳው ከሰፋም ኮላ የተቀባ የጠንካራ እንጨት ስንጥር አስገብቶ ማድረቅ ይበቃል። ዘንጉ አልዞር ካለ ግን ያቁሙና ለባለሙያ ይስጡት። የተበጠሰ ዘንግ ለመቀየር ፍሬትቦርዱን መንቀል ሊጠይቅ ይችላል፤ በአሮጌ ቤዝ ላይ ከዚህ የከፋ ጉዳት ጥቂት ነው።

አንገት አንዴ ተስተካክሎ የሚቀር አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ዝናብ የተስተካከለ ቤዝ በጥር ደረቅ አየር ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወቅት ሲለወጥ ክፍተቱን መለካት ልማድ ይሁን። መሣሪያውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አያቆዩት።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ የክሩ ከፍታ ይመጣል። በወርዱ ጎበጥ ላለው ለአሮጌው ፍሬትቦርድ በ17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2.8፣ ለቀጭኑ 2.4 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዲትሮይት የሞታውን ስቱዲዮ ቤዚስት የነበረው ጄምስ ጃመርሰን የ1962 ፕሪሲዥኑን ከፍ ባሉ፣ ወፍራምና ልሙጥ ክሮች ይጫወት ነበር፤ ክሮቹንም አይቀይርም ነበር። ዛሬ «በትክክል ያልተስተካከለ» የሚባለው ያ ቤዝ በ1960ዎቹ ከተሰሙት ታላላቅ ቀረጻዎች የብዙዎቹ መሠረት ነው። ልኩን ካስተካከሉ በኋላ ለእጅዎና ለጆሮዎ ያድሉ። ስለ ክርም ይህንኑ ያስቡ፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ቤዞች የታሰቡት ለልሙጥ ክር ነው። ልሙጡ ክር ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ፍሬቱንም አይበላም።

ቀጥሎ የኦክታቭ ልክ ነው። ክሩን ክፍት አድርገው ይቃኙት፤ ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ይዘው መቃኛው የሚያሳየውን ይመልከቱ። ተጭነው የያዙት ድምፅ ከፍ ካለ በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ሳድል ከአንገቱ ያርቁት፤ ዝቅ ካለ ያቅርቡት። ይህ የሚሠራው በአዲስ ክር ነው፤ ያረጀ ክር ልኩን ስለሚስት ሰውን ያሳስታል። ቅደም ተከተሉንም አይገልብጡት፤ አንገቱ ሲነካ ከፍታው ይለወጣል፣ ከፍታው ሲነካ ደግሞ የኦክታቩ ልክ ይዛባል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። መቆጣጠሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ በውስጡ ኮንታክት ክሊነር ረጭተው ደጋግመው ያዙሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ፒካፑን በቴስተር ይለኩ። የፕሪሲዥን ፒካፕ በአሥር ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ከፀጉር የማይወፍረው ሽቦ ተበጥሷል፣ ማለትም መልሶ የሚጠመጥም ባለሙያ ያስፈልጋል። ፒካፑን በአዲስ ቢተኩ እንኳ አሮጌውን ያስቀምጡት።

አንድ የማይታለፍ ማሳሰቢያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ አምፕሊፋየር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው 220 ቮልት ላይ አይሰኩት። መሰኪያው ሁለት እግር ብቻ ከሆነና የመሬት መስመር ከሌለው ደግሞ አደጋው ከመሣሪያው ያልፋል፦ የቤዙ ክሮች ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተገናኙ ስለሆኑ፣ ክሩን በያዘው ሰው ላይ ኤሌክትሪክ ሊያልፍ ይችላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው እንዳይጫወቱበት።

የአዲስ አበባ ባንዶች በደመቁበት ዘመን እንደ ሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ያሉ ቤዚስቶች የኢትዮጵያን ዘፈን ከታች ተሸክመውታል። ዘፋኞቹ በፎቶና በካሴት ሽፋን ሲታወሱ፣ የቤዝ ተጫዋቾቹ መሣሪያ ግን ብዙም አይታሰብም። ከዚያ ዘመን የተረፈ ቤዝ ቤትዎ ካለ አንድ ብሎን እንኳ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡት፤ ማን እንደተጫወተበትና በየትኛው ባንድ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይጻፉ፤ የነቀሉትን ማንኛውንም ክፍል ከቤዙ ጋር በአንድ ሻንጣ ያስቀምጡ። አዲስ ክር ይግጠሙለት፣ አንገቱን ያስተካክሉ፣ ይጫወቱበት። ቀለሙን ግን አይንኩ።