የርቀት ሕክምና ለአረጋውያን፤ በሞጆ ከተማ ሲታሰብ

ቴሌሜዲሲን የሚለው ቃል ከግሪክኛና ከላቲን ተገጣጥሞ የተሠራ ሲሆን፥ ትርጓሜው በሩቅ ሆኖ ማከም ማለት ነው። በአማርኛ የርቀት ሕክምና እንለዋለን። ብዙ ሰው ነገሩን ከኮምፒዩተርና ከእጅ ስልክ ጋር አብሮ የተወለደ አድርጎ ይገምተዋል። ይሁን እንጂ ሆላንዳዊው ሊቅ ቪሌም አይንትሆቨን በሌይደን ከተማ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛን የልብ ትርታ በስልክ ሽቦ አሳልፎ፥ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በሚገኘው የምርምር ክፍሉ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በአገራችንም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ መንግሥት እርዳታ ከሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር በዚህ መንገድ መገናኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር።

በውጭው ዓለም ይህ ዘዴ ለአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመጦሪያ ቤት ሌሊቱን የምታድር ነርስ አለች፤ ሐኪም ግን የለም። አንድ አረጋዊ በእኩለ ሌሊት ቢታመሙ ነርሷ ያላት ምርጫ ወደ ሆስፒታል መላክ ወይም እስኪነጋ መጠበቅ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በ11 መጦሪያ ቤቶች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ወደ ሆስፒታል የሚላኩት አረጋውያን ቁጥር ጎልቶ የቀነሰው መሣሪያው በተተከለበት ቤት ሁሉ ሳይሆን፥ ሠራተኞቹ አዘውትረው በተጠቀሙበት ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ስለ መሣሪያው ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ ስለሚቆመው ሰው ነው።

በሞጆ ይህ ሰው ማን ነው? በአዲስ አበባ እንዳለው እንደ መቄዶንያ ባለ ማእከል የሚጠለሉት በአብዛኛው ጧሪ ያጡት ናቸው፤ የቀሩት አረጋውያን ግን የሚጦሩት በገዛ ቤታቸው ወይም በልጆቻቸው ቤት ነው። ልጅ ቀኑን ደረቅ ወደብ ወይም ቆዳ ፋብሪካ ሲውል፥ አሮጊቷን የምትጠብቀው ምራት ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰች የልጅ ልጅ ናት። ሐኪሙ አዳማ ተቀምጦ በስልክ ሲጠይቅ የሚመልሱለት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ እርጅና ሕመም ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ወጣት የሳንባ ምች ሲይዘው ያተኩሰዋል፥ ያስለዋል። በአረጋዊ ላይ ግን ትኩሳቱ ሳይታይ፥ የመጀመሪያው ምልክት ድንገት መቀባጠር ወይም ምግብ እንቢ ማለት ሊሆን ይችላል። ቤተ ሰቡም «አረጁ እኮ» ብሎ ያልፈዋል፤ በዚህ አነጋገር ስንት ቀን እንደሚባክን አንባቢ ይገምት። ስለዚህ በስልክ የሚነገረው ነገር «አመማቸው» የሚል ብቻ መሆን የለበትም፤ ትናንት ያውቁት የነበረውን ሰው ዛሬ ማወቅ ተስኗቸው እንደ ሆነ፥ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ፥ በጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ስንት እንዳሳየ መነገር አለበት።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። አረጋዊው በተኙበት ተለክቶ፥ ከቆሙ በኋላ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ዳግመኛ ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ፥ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ሊወድቁ ይችላሉና ሐኪሙ የሚወስዱትን መድኃኒት ይመረምራል። ይህን ለማወቅ አረጋዊውን በባጃጅና በሚኒባስ እያንገላቱ እስከ አዳማ መውሰድ አያስፈልግም። ነገር ግን መለኪያውን በትክክል የሚይዝ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል።

ይህ እጅ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን አሠልጥኖ ቤት ለቤት እንዲዞሩ ያደረገ ነው። በእኔ አስተያየት የርቀት ሕክምና በሞጆ መጀመር ያለበት በእነዚህ ባለሙያዎች ቦርሳ ውስጥ ነው እንጂ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ትልቅ መስታወት አይደለም። ባለሙያዋ ለክታ፥ ጽፋ፥ ከዚያ ትደውላለች። መብራት ቢጠፋ ወይም የምስሉ መስመር ቢቆራረጥ እንኳ በወረቀት የተጻፈው ቁጥር በተራ ስልክ ይነገራል።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ሽማግሌው ስለ ሽንታቸው ስልክ በያዘችላቸው ምራታቸው ፊት አይናገሩም፤ «ደኅና ነኝ፥ ተመስገን» ብለው ይዘጉታል። በዚያም ላይ በእርጅና ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ ከመጮኽ ይልቅ ረጋ ብሎ በወፍራም ድምፅ ቢናገር ይሻላል፤ ኦሮምኛ ለሚቀናቸውም በኦሮምኛ መሆን አለበት። ባለሙያዋ ቤተ ሰቡን ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ብታስወጣ ግማሹ ምርመራ ያን ጊዜ ይፈጸማል።

በስልክ የማይሆነውንም መለየት ይገባል። ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፥ አንደበት ሲተሳሰር፥ ደረትን ጨምድዶ ሲይዝ፥ ወይም ከወደቁ በኋላ እግር መሬት መርገጥ ሲያቅተው መደወል የሚገባው ሐኪሙን ለማማከር ሳይሆን መኪና ለመጥራት ነው። ይህችን አጭር ዝርዝር ባለሙያዋ በኦሮምኛና በአማርኛ ጽፋ ከአልጋው ራስጌ ልትለጥፍላቸው ትችላለች።