ፈረሱላ የሚያውቅ ተማሪ

በቡና አገር ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ለገበሬ የሚያስተምር የለም። እሸት ቡናው ደርቆ ስንት ጀንፈል እንደሚወጣው በዓይኑ ይገምታል፤ የአምናውን ዋጋ ከዘንድሮው ጋር በቃሉ ያሰላል። የሚቸግረው ማኅበሩ የሰጠውን ደረሰኝ ማንበብ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ተማሪ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ፊደል ባይቆጥርም ብዙ ያውቃል። የሕፃናትን መጽሐፍ ማታ ማታ ማስደገም ለእሱ አይበቃውም።

ይህን ቀደም ብሎ የተረዳው በዩኔስኮ ድጋፍ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጂማ፣ በወላይታና በጭላሎ የተካሄደው ፕሮጀክት ነው። ንባብና ስሌትን ከእርሻ ሥራ ጋር አጣምሮ ያስተምር ነበር። ጂማ ያኔ ሚዛን ተፈሪን ጭምር የሚያጠቃልለው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ትምህርቱ ግን በአማርኛ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ቋንቋውን የማይናገር ገበሬ ሁለት ሸክም ነበረበት።

በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን በከፊል አቃለለ። የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ እያደር 15 ደረሱ፤ ከፋ-ሞቻም አንዱ ነበር። በሚዛን ተፈሪ አካባቢ የሚነገረው ቤንችኛ ግን አልገባም። የቦንጋ ሰው ፊደልን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲቆጥር፣ የሚዛን ገበሬ እንደቀድሞው በሰው ቋንቋ ተማረ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ይገባዋል እላለሁ፤ የቤንች ጎልማሶች ዕዳ ግን አብሮ መነሳት አለበት።

ዛሬ መልኩ ብዙ ነው። የሁለት ዓመቱ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ የማታ ትምህርት አለ። ለእኔ ግን ከሁሉም ትኩረት የሚገባው የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከልና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ ነው።

ጉንደላን እንውሰድ። ያረጀ የቡና ዛፍ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው ከዚያ ዛፍ ቢያንስ ሁለት ዓመት ምርት አያገኝም፤ ልጆቹ ግን በየዓመቱ ይበላሉ። ስለዚህ በወሬ አያምንም፤ የጎረቤቱ ጉቶ ሲያፈራ ማየት ይፈልጋል። ዛፎቹን በየዓመቱ ከፋፍሎ መጎንደል ደግሞ ስሌት ይጠይቃል፤ የቁጥር ትምህርት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንዶኔዥያ የሩዝ ማሳዎች የተጀመረው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤትም መነሻው ይኸው ነው፤ ገበሬው በማሳው ላይ ራሱ ሞክሮ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተወያይቶ ይወስናል።

ሁለት ነገር ቢስተካከል እወዳለሁ። አንደኛው ጊዜው ነው፤ ለቀማ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ የትምህርት ቀን መቁጠሪያው ከቡናው ጋር ቢሄድ ማንም አያቋርጥም። ሁለተኛው ጥሪው ነው። ቀይ ቡና ለይቶ መልቀም፣ በአልጋ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ እያገላበጡ እርጥበቱን ወደ 12 በመቶ ማውረድ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ ለሥልጠና የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ሥልጠናው በማድረቂያው አልጋ አጠገብ፣ እናቶች በሚመቻቸው ሰዓትና በሚናገሩት ቋንቋ ይሰጥ።